ዘፈን ጋባዡ ማነው?

የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ የሚጠየቀው ማን ዘፈነ፣ ማን ተጫወተ፣ ማን አሳተመ ነው። «ይችን ስማት፣ ትወዳታለህ» ብሎ ለጓደኛው የሰጠው ሰው ግን በየትም አይጠቀስም። ዘፋኝ ያለ ሰሚ ዘፋኝ አይሆንም፤ ሰሚውን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ሌላ ሰሚ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ስለማይጠቀሰው ሰው ነው። የምነሣውም ከምናውቀው አገር፣ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው። እኛ ቡና እንጋብዛለን፣ ጠላ እንጋብዛለን፣ ዘፈንም እንጋብዛለን። በሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ሲመጣ «ይህን ዘፈን ለእገሊት ጋብዙልኝ» ይባላል። አዝማሪ ባለበት ቤትም ብር አውጥቶ ለጓደኛው ግጥም የሚያስገጥም ሰው ያው ጋባዥ ነው። እንግዲህ ጋባዥ ሲባል ወግ አለው፤ የተጋበዘው ሰው የማን ቤት እንደገባ፣ የማንን እጅ ወጥ እንደበላ ማወቅ አለበት። በምግቡ ይህ ወግ አለ። በዘፈኑስ አለ ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

፩

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን፣ ሲሪንቃን እያለፈ ወልድያ ይገባል። መንገዱ አምባሰልን ይዞ መጥቶ ሀብሩን አቋርጦ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም።

የሙዚቃችን አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ መሆናቸውን ሁላችንም እንሰማለን። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከአራቱ ስሞች ሁለቱ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቦታዎች ደግሞ ወሎ ውስጥ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ የሀብሩ የደቡብ ጎረቤት ነው።

የቅኝት ስሞች በመጀመሪያ የዘፈን ስሞች ነበሩ። ታዲያ አንድ ዘፈን በቦታ ስም መጠራት የሚጀምረው መቼ ነው? የአገሩ ሰው ባገሩ ሲጫወተው የአገሩን ስም ምን ብሎ ይጠራል! እዚያ ያለው ሰው ዝም ብሎ ይዘፍናል እንጂ «አምባሰልን ልዝፈን» አይልም። «ያችን የአምባሰሏን ተጫወትልኝ» የሚለው ሩቅ ያለ ሰሚ ነው፤ ዜማዋን ከነጋዴ፣ ከሠርገኛ፣ ከመንገደኛ አዝማሪ የሰማ፣ የወደዳትና ለሌላው ሊያሰማት የፈለገ ሰው። እኔ እንደሚመስለኝ የቅኝቶቹ ስም ራሱ የግብዣ ምልክት ነው። የሰሚ ለሰሚ ቅብብሎሽ በስሙ ላይ ታትሟል።

ነገር ግን ልብ በሉ። በቅብብሎሹ ውስጥ የተረፈው የቦታው ስም ብቻ ነው። ያንን ዜማ መጀመሪያ ያዜመችው ሴት ወይም መሲንቆውን የገዘገዘው ሰው ማን ይባል ነበር? ጠፍቷል። አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰዎች ናቸው ቢባልም፣ እነዚያ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው።

፪

«ድሮ መቼ ይጻፍ ነበር? በቃል የሚሄድ ነገር ስሙ መጥፋቱ አይቀርም» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህን ክርክር የሚያፈርሰው ማስረጃ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው።

ወሎ የመንዙማ አገር ነው። በየጁ ዳና፣ በሌሎቹም የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ደረሳው ከሼሁ ሥር ተቀምጦ ሲማር መንዙማውንም አብሮ ይቀበል ነበር። መንዙማም እንደ ዘፈን በቃል ይወጣል፣ በጭብጨባና በድቤ ይታጀባል፣ ከመንደር መንደር ይሄዳል። ሆኖም ሼሆቹና ደረሶቻቸው አማርኛውን በዐረብ ፊደል መጻፍ ያውቁ ነበር፤ ይህ አጻጻፍ ዐጀም ይባላል። ስለዚህ የብዙ መንዙማ ባለቤት ዛሬም በስሙ ይታወቃል። ለምሳሌ ያህል ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈርን ብንወስድ፣ በዐጀም የጻፏቸው የአማርኛ ግጥሞች ከነስማቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ደርሰውናል።

እንግዲህ ልዩነቱ ከምን መጣ? አገሩ አንድ፣ ዘመኑም የተቀራረበ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከተቀባዩ ነው። ደረሳው የሼሁን ስም ሳይጠራ መንዙማውን ማሳለፍ ነውር መስሎ ይታየው ነበር። የአዝማሪውን ዘፈን የሚያሳልፈው ሰው ግን ነውር አልመሰለውም፤ ምክንያቱም አዝማሪው ራሱ በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቀ ነበር። ዘፈኑን ወደን ዘፋኙን ንቀናል ማለት ነው። የስም መጥፋት ከመርሳት ብቻ አይመጣም፤ ከንቀትም ይመጣል።

፫

ከዚያ ሸክላ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የአገራችን ዘፈን በሸክላ መውጣት የጀመረው ከዚያ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ግን ሸክላ የጥቂት ሰው ዕቃ ነበር። በ1948 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህ መብት ግን የዘፋኙን ቁጥር ያህል ሸክላ አላወጣም።

በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያውን የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ያች ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞር፣ በአንድ ወገን አንድ ዘፈን፣ በሌላው ወገን አንድ ዘፈን ብቻ የምትይዝ ናት። እነ ፊሊፕስና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅትም በዚያው ዘመን ያሳትሙ ነበር። በጠቅላላው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽና ወደ 30 የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች ወጡ ይባላል። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ አለማየሁ እሸቴ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በሸክላ የምናውቃቸው ከዚህ ዘመን ነው።

500 ሸክላ ለአንድ ትልቅ አገር ምን ያህል ነው? ትንሽ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤትም ትንሽ ነበር። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖር ሰው ሸክላ ማለት ሬዲዮው የጋበዘው፣ ወይም ማጫወቻ ያለው ቡና ቤት የጋበዘው ነው። ምርጫው የሰሚው አልነበረም።

፬

ምርጫውን ለሰሚው የሰጠው ካሴት ነው። ሸክላ አንድ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ያውም ባሕር ማዶ። ካሴት ግን ባዶውን ገዝቶ ሁለት ቴፕ ማገናኘት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላው ቀርቶ ካሴቱ ቦታውን ሙሉ በሙሉ ያዘ። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት በእያንዳንዱ ወገን ግማሽ ሰዓት ይይዛል። አሥር ዘፈን ያህል በአንድ ላይ ሲመጣ «አልበም» የሚለው ቃል በአፋችን ገባ።

በወልድያና በመርሳ ለመሰሉ የመንገድ ከተሞች ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄደው ጎዳና፣ ጣሊያን በያዘን ጊዜ የሠራው፣ በእነዚህ ከተሞች መሐል ያልፋል። የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሾፌር ቴፕ አለው፤ ቴፕ ካለው ካሴት አለው፤ ቆሞ ምሳ ሲበላ ደግሞ የሚከፍተውን የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ይሰማል። «ይሄ ማነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሙዚቃ ቤቶችም ያልታተመ ነገር ይሸጡ ነበር፤ ሰው የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ይመጣል፣ ባለሱቁ ከተለያየ ካሴት እየለቀመ በአንድ ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳለታል። ያ ዝርዝር ወረቀት እኮ የሰው ልብ ነው! ለእጮኛ፣ ለወታደር ወንድም፣ ለሩቅ አገር ተማሪ የተቀዳ ካሴት ስንቱ ነው? ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክርቢቶ እየተጠነጠነ፣ ቅጂው የቅጂ ቅጂ እየሆነ፣ ድምፁ ከዘፈን ይልቅ እንደ ዝናብ እየሸሸ እንኳ ይሰማ ነበር።

ዘመኑ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ለዓመታት የማታውን ሕይወት ዘጋው። ዘፈን በሳንሱር ያልፋል። መድረኩን የመንግሥት ኪነት ቡድኖች ይዘውታል። እነዚህ ቡድኖች የፖለቲካ መፈክር ማሰሚያ ነበሩ፤ ይህ አይካድም። ግን ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ ድምፅ ያለውን ወጣት ከገጠር አውጥተው መድረክ ላይ አቁመዋል፤ የወሎው ላሊበላ ኪነት ለዚህ ምስክር ነው። የአምባሰልን ዜማ እነ ማሪቱ ለገሰ በመላ አገሪቱ አሰሙ። ሰሚው መፈክሩን ዘልሎ ዜማውን ቀዳ። መንግሥት መድረኩን ቢቆጣጠር ካሴት ከኪስ ወደ ኪስ ሲሄድ አያየውም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሶቭየት ኅብረት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የተከለከለ ዘፈን ከሆስፒታል በተጣለ የራጅ ፊልም ላይ እየተቀረጸ በድብቅ ይሸጥ ነበር። የሰው ጎድን አጥንት በሚታይበት ፊልም ላይ ዘፈን ይዞራል። ሰው መስማት ከፈለገ መንገድ አያጣም።

፭

አሁን ወደ 1984 እንምጣ። ያ ዓመት በወሎ ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚታወስ ለዚህ ገጽ አንባቢ አልነግረውም። በጥቅምት ወር ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የረሀቡን ፊልም አሳየ። ዓለም ደነገጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ተሰብስበው አንድ ሸክላ አወጡ፤ በሐምሌ 1985 ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቅ ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ። ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ብዙ ነፍስ ዳነ። ይህን ማቃለል ነውር ነው።

ነገር ግን የዚያ ሸክላ ርዕስ፣ እነዚህ ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ስለ ማን ነው የሚጠይቀው? ላሊበላ ስላለችበት አገር! ገናን ከብዙዎቹ ጠያቂዎች አገር ቀድሞ ያከበረ ሕዝብ፣ ከጎኑም መውሊዱን በመንዙማ የሚያደምቅ ጎረቤት ያለው ሕዝብ ነው የተጠየቀው። ዓለም ስለ እኛ ዘፈነ እንጂ እኛን አልሰማም። ስለ ወሎ የተዘፈነው ሸክላ በሚሊዮን ሲሸጥ፣ የወሎ ዜማ የተቀዳበት ካሴት ከመርሳ አልወጣም ነበር።

ታሪክ አስገራሚ ነው፤ በዚያው በ1984 ሌላ ነገር ሆነ፤ ማንም ሳያየው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ወዳጅ ጓደኛው ከኢትዮጵያ ያመጣውን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ አሰማው። ሰውየው ተደነቀ። ምን አደረገ? እኛ የምናደርገውን ነው ያደረገው፤ በካሴት እየቀዳ ሙዚቃ ለሚያውቁ ወዳጆቹ ላከ። ቀጥሎ በ1985 ራሱ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 የማሕሙድ «እሬ መላ መላ»፣ መጀመሪያ በ1975 በካይፋ የታተመው፣ ቤልጅግ አገር እንደገና ታተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ያው ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ጀመረ። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም የዓለም ወጣት ሰማው።

ሌላም ልጨምር። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። አሜሪካ ቀርቶ በ1985 ለብቻው አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያችን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ ወደዳት፣ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘ፣ በ2013 አሳተማት። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ተጫወተ።

የሁለቱ ታሪክ ትርጉም አንድ ነው። ትልቁ መሣሪያ፣ ቴሌቪዥኑና ሳተላይቱ፣ ረሀባችንን አደረሰ። ዘፈናችንን ያደረሰው ግን ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው ያለፈ ካሴት ነው። የኃይሉ ካሴት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል፤ በላዩ ላይ ስም ነበረበት። ስም ባይኖርበት ኖሮ ባለታክሲውን ማን ፈልጎ ያገኘው ነበር?

፮

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። የባሕላዊ ዘፈን ካሴት ሽፋን አውጥታችሁ አንብቡ። የድምፃዊው ፎቶግራፍ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ። መሲንቆ የመታው፣ ክራር የደረደረው ብዙ ጊዜ የለም። ግጥምና ዜማ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «ሕዝብ» ይላል። ይህ «ሕዝብ» የሚባል ደራሲ ስንት ዘፈን ደረሰ! አንዳችም ገንዘብ ግን አልተከፈለውም። በ2004 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ወጥቷል፤ ቢሆንም አዋጅ ስም የሌለውን ሰው ሊጠብቅ አይችልም።

እኛስ ዛሬ ምን እያደረግን ነው? በስልክ አንዱ ለሌላው ይልካል። ፋይሉ ሲመጣ ስሙ ቁጥር ነው፣ ወይም «አሪፍ አምባሰል» ነው። ጥራቱ እንደ ካሴት አይሸሽም፤ ሺ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ነው። ስሙ ግን በመጀመሪያው መላክ ላይ ይጠፋል። በዚህ በኩል ከካሴቱ ዘመን ብሰናል፤ ያኔ ቢያንስ በእስክርቢቶ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ ነበር።

በየቤቱ ያለው ካሴትም ጊዜ አይሰጥም። ክሩ በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ ማጫወቻው ከገበያ ጠፍቷል። በ2021 ወልድያና መርሳ ለወራት በጦርነት ሥር ሲወድቁ ስንቱ ቤት እንደተዘረፈ እናውቃለን። ሰው የጠፋበትን ሲቆጥር ሰውን ያስቀድማል፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ እህሉን፣ ዕቃውን ይቆጥራል። ካሴት ማን ይቆጥራል? ተገቢም ነው አለመቁጠሩ። ነገር ግን በአንድ ሠርግ ላይ የተቀዳ የአንዲት የሀብሩ ሴት ድምፅ ከጠፋ፣ የሚተካው ሱቅ የለም።

«ኧረ ተወን! ዘፈን ለመደሰት ነው እንጂ ለፈተና ነወይ?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። ደስታው ይቅር አላልኩም። ቡና የሚጋብዝ ሰው «ይህ ቡና የእናቴ ነው» ቢል ቡናው ይመራል እንዴ? ይልቅ ይጥማል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ዘፈን ስንጋብዝ አራት ነገር አብረን እናሳልፍ፤ ማን ዘፈነው፣ ማን ተጫወተው፣ ከየት አገር ነው፣ ከማን አገኘሁት። የማናውቀውን ባዶ እንተወው፤ ሌላው ይሞላዋል። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም ያረጁ ካሴቶችን እንይ፣ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን «ይች ማናት? የማን ልጅ ናት?» ብለን እንጠይቅ፣ መልሱን ከዘፈኑ ጋር እንጻፍ። ደረሳ በዐጀም ያደረገውን ዲግሪ ልንይዝ የምንዘጋጅ ተማሪዎች ማድረግ ካቃተን ያሳፍራል።

ሰው ጠይቆ ራሱ ዝም ማለት ስለማይገባ የኔን ግብዣ ላቅርብ። አንደኛ፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 16፤ አስናቀች ወርቁ ክራሯን ራሷ እየደረደረች የምትዘፍንበት ነው። በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት፣ ብቻን ሆኖ መስማት ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥር 2፤ የ1990ዎቹ የአዲስ አበባ አዝማሪዎች፣ ለጨዋታና ለሳቅ። ሦስተኛ፣ ያው የኃይሉ መርጊያ ካሴት፤ ቃል የለበትም፣ ለጥናት ይመቻል። ለዚህ ያደረሰኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል እንጂ በዚህ ጽሑፍ ሕግ መሠረት መጻፍ ነበረብኝ።

አራተኛውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እሱ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከሲሪንቃ ወይም ከወልድያ ሰፈሮች የሚመጣ፣ በየትኛውም ሲዲ ላይ ያልታተመ ድምፅ ነው። ያለው ሰው ይጋብዘን፤ ስሟንም አብሮ ይንገረን።